ካርቦን ከመሸጡ በፊት የወል መሬቱ ባለቤት ይታወቅ

አዲስ አበባ በ2020 ዓ.ም 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ጉባኤ እንድታስተናግድ ተመርጣለች። ውሳኔው የተላለፈው በኅዳር 2018 ዓ.ም በብራዚሏ ቤሌም ከተማ በተካሄደው 30ኛው ጉባኤ ላይ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤም እዚያው አዲስ አበባ ተካሂዷል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲቃረብ በየወረዳው የሚሆነው የታወቀ ነው። ሪፖርት ይጠየቃል፣ የችግኝ ቁጥር ይሰበሰባል፣ «የካርቦን ሽያጭ» የሚለው ቃልም ከሥልጠና ወደ ሥልጠና እየተሸጋገረ በመጨረሻ ገበሬው ጆሮ ሲደርስ «አየር ሊሸጥ ነው» ሆኖ ያርፋል።

ከመንዝ እስከ ግሼ፣ ከግሼ እስከ መርሐቤቴ በተዘረጋው የቀየት ደጋ ይህ ወሬ ቀልድ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች የሚያከራክረው ትልቁ ጉዳይ ካርቦንን ከአየር ወይም ከጭስ ማውጫ ይዞ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የመንዝ ደጋ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ለዘመናት ካርቦን ሲያስቀምጥ የኖረ አገር ነው። ጥያቄው ያ ሀብት ዋጋ ሲወጣለት በማን ስም ይጻፋል የሚለው ይሆናል።

ክርክሩን ከሥሩ መረዳት ያስፈልጋል። ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ ሲቃጠሉ፣ የኖራ ድንጋይ በሲሚንቶ ፋብሪካ ሲጋገር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። ይህንን ጋዝ ከጭሱ ለይቶ፣ አምቆ፣ በቧንቧ ወይም በመርከብ አጓጉዞ ከርሠ ምድር ውስጥ መቅበር ይቻላል። ኖርዌይ ስሌይፕነር ከሚባለው የባሕር ላይ የጋዝ ጣቢያዋ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ጋዝ ከባሕር ወለል በታች ባለ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ስትቀብር ቆይታለች። ሥራው ይሠራል አይሠራም የሚለው ክርክር በዚህ በኩል ያበቃለት ነው።

የሚያከራክረው መጠኑና ዋጋው ነው። በመላው ዓለም በሥራ ላይ ያሉት የማመቂያ ጣቢያዎች ተደምረው የመያዝ አቅማቸው በዓመት 50 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ሲሆን ዓለም ከነዳጅና ከሲሚንቶ ብቻ በየዓመቱ የሚለቀው 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። ከሺህ አንዱን ጥቂት ቢያልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዱባይ በተካሄደው 28ኛው ጉባኤም ነዳጅ አምራች አገሮች ይህ ቴክኖሎጂ በውሳኔው ውስጥ ሰፊ ቦታ እንዲያገኝ ሲወተውቱ፣ በባሕር ሊዋጡ የተቃረቡት ትንንሽ የደሴት አገሮች ደግሞ ነገሩ ነዳጅ ማውጣቱን ለማራዘም የቀረበ ሰበብ ነው ብለው ተሟግተዋል። በመጨረሻ የጸደቀው ሰነድ ቴክኖሎጂውን በስም ጠቅሶ፣ በተለይ ጭሳቸውን በሌላ መንገድ መቀነስ ለሚቸግራቸው ዘርፎች እንዲውል አስቀመጠው።

ጭሱን መቀነስ የሚቸግረው ዘርፍ ሲባል ለሰሜን ሸዋ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ከመርሐቤቴ ማዶ፣ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ በእንሳሮ ወረዳ በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረቀው የለሚ ብሔራዊ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከሀገሪቱ ትልልቆቹ አንዱ ነው። የሲሚንቶ ነገር ልዩ የሚሆነው ጭሱ ከማገዶው ብቻ የማይመጣ በመሆኑ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲጋገር 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው በጋዝ መልክ ይተናል። ፋብሪካው በውኃ ኃይል ቢሠራ፣ በፀሐይ ቢሠራ ይህ 44 ኪሎ አይቀርም። ስለዚህ ነው ኖርዌይ ብሬቪክ በምትባል ከተማዋ ያለውን የሲሚንቶ ፋብሪካ መርጣ በሰኔ 2017 ዓ.ም በዓመት 400 ሺህ ቶን የሚይዝ ማመቂያ ያስመረቀችው። ይህም ሆኖ የሚያዘው የፋብሪካው ጭስ ግማሹ ገደማ ነው። የዚያ ሀገራዊ ፕሮጀክት ወጪ አብዛኛው፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል፣ የተሸፈነው ከመንግሥት ካዝና ሲሆን፣ ኖርዌይ ደግሞ በነዳጅ የከበረች አገር ናት። ኢትዮጵያ ነገ ጠዋት እንደዚያ ታድርግ ብሎ መጠየቅ የዋህነት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ አደገኛ አቋራጭ አለ። የፋብሪካ ጭስ ማመቅ ውድ ሲሆን፣ «በአቅራቢያው ካለ የገበሬ መሬት ርካሽ ካርቦን ገዝቶ ማካካስ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። በሌላው ዓለም መጥቷል። ከኖራ ድንጋይ የተለቀቀ ጋዝ ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት፣ ከፊሉም ለሺህ ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። ሣርና አፈር የያዙት ካርቦን ግን አንድ ክፉ ድርቅ፣ አንድ እሳት፣ አንድ ማረሻ ይበቃዋል። የድንጋይን ዕዳ በሣር መክፈል አይቻልም። የጓሳ ሣር የየትኛውም ፋብሪካ ጭስ መሸፈኛ እንዳይሆን ከወዲሁ አቋም መያዝ የዞኑና የክልሉ ኃላፊነት ነው።

ድንጋይ ከተነሳ አይቀር፣ የመንዝ ገደል የተሠራበት ጥቁር ድንጋይ በዚህ ክርክር ውስጥ ስም ያለው ነው። ባዛልት ይባላል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። በአይስላንድ ካርብፊክስ የሚባለው ፕሮጀክት ጋዙን በውኃ አሟሙቶ ባዛልት ውስጥ ሲያስገባ፣ ከ95 በመቶ በላዩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወደ ድንጋይነት መቀየሩን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አድርጓል። ይህን የሰማ ሰው የኢትዮጵያ ደጋ የዓለም የካርቦን ጎተራ ሊሆን ነው ብሎ ቢጓጓ አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያ ዘዴ አንድ ቶን ጋዝ ለመቅበር 25 ቶን ገደማ ውኃ ያስፈልጋል። ሴቶች በበጋ ለአንድ እንስራ ረጅም ቁልቁለት ወርደው በሚመለሱበት አገር ይህ ሊታሰብ የሚችል አይደለም። በዚያ ላይ ያረጀ ባዛልት ቀዳዳው በሸክላና በሌላ ማዕድን የተደፈነ በመሆኑ እንደ አይስላንዱ ወጣት ድንጋይ ቶሎ አይቀበልም። የሳይንስ ሊቃውንት ያጥኑት፤ ወረዳ ግን ዕቅዱን በዚህ ላይ አይሥራ።

ወደ አፈሩ እንመለስ። በዓለም ላይ እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው አፈር ውስጥ ያለው ካርቦን በአየሩና በዕፅዋቱ ሁሉ ካለው ድምር ይበልጣል። ይህ የሚገርም ግን የታወቀ እውነት ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2015 በፓሪሱ ጉባኤ «አራት በሺህ» የሚል ንቅናቄ ስታቋቁም መነሻዋ ይኸው ነበር፤ በየዓመቱ የአፈሩ ካርቦን ከሺህ አራት እጅ ቢጨምር የአየሩ ጭማሪ በእጅጉ ይቀንሳል የሚል ስሌት ነው። ስሌቱ ለሁሉም አፈር አይሠራም ብለው የተከራከሩ የአፈር ሊቃውንትም ብዙ ናቸው። ያም ሆኖ የደጋ አፈር፣ በተለይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘውና ብርድና እርጥበት ያለበት፣ ካርቦን በመያዝ ከሁሉም ቀዳሚ ከሆኑት ይመደባል። የሞተው ሥር በብርዱ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከዓመት ዓመት ይከማቻል። ጨፌው ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

በመንዝ ጌራ ምድር ያለው የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የዚህ ሁሉ ምሳሌ ነው። ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ያለው ይህ ሜዳ ጎብኚ የሚያውቀው በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ነው። ቱሪዝም ቢሮ የሚያስተዋውቀውም ያንኑ ነው። ለመንዝ ሰው ግን ጓሳ ማለት መጀመሪያ የቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ነው፤ በክፉ ቀን ለከብትና ለበግ የሚተርፍ ግጦሽ ነው። ያ ሣር ተጠብቆ የቆየው ደግሞ በመልካም ምኞት አልነበረም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች የሚባሉት በቄሮ ሥርዓት ሲያስተዳድሩት ኖረዋል። በምርጫ የሚሾም አባ ቄራ ነበረው፤ ሥፍራው ለተከታታይ ዓመታት ከአጨዳና ከግጦሽ ተከልሎ ይቆያል፤ ሲከፈት በቀን ተወስኖ፣ ለሁሉም ተነግሮ ነው፤ ደንብ የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲሽር ይህም አብሮ ፈረሰ። ባለቤት ያጣ መሬት የሚደርስበት ደረሰበት፤ ያለ ወቅቱ ታጨደ፣ ያለ ገደብ ተጋጠ። ከዓመታት በኋላ አዋሳኝ ቀበሌዎች ተመካክረው ኮሚቴ መርጠው፣ ውስጠ ደንብ አውጥተው መልሰው ያዙት። የክልሉ መንግሥትም በደንብ እውቅና ሰጠው።

ከዚህ ታሪክ ለካርቦን ጉዳይ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። ጓሳን ያዳነው ቴክኖሎጂ ወይም ከውጭ የመጣ ገንዘብ አልነበረም። ማን እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚያጭድ፣ ማን እንደሚቀጣ የተወሰነ መሆኑ ነው። ሌላው የወል መሬት ግን እንዲህ አልታደለም። በሞላሌ፣ በዘመሮ፣ በወገሬ፣ በራቤል ዙሪያ ያሉ ብዙ የወል ግጦሾችና ተዳፋቶች ዛሬም «የቀበሌ» ከመባል ያለፈ የተጻፈ ባለቤት የላቸውም። የተሻሻለው የክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252/2009 የወል ይዞታን ያውቃል። በደብተር ያልሰፈረ ይዞታ ግን የካርቦን ገዢ ሲመጣ በማን ስም ይፈረማል? በቀበሌው ሊቀ መንበር? በወረዳው? በፕሮጀክቱ? ይህ ጥያቄ ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ቢነሳ መልሱ ሁልጊዜ ለጉልበተኛው ያደላል።

የሁምቦ ተሞክሮ ይህንኑ ያስረዳል። በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ 2 ሺህ 728 ሄክታር ላይ የተራቆተውን ደን በተፈጥሮ እንዲያገግም በማድረግ በአፍሪካ ቀደም ካሉት ሰፋፊ የደን ካርቦን ፕሮጀክቶች አንዱ ሆኗል። የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ 165 ሺህ ቶን ለመግዛት ተዋዋለ፤ ፕሮጀክቱም በ2002 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት ተመዘገበ። ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ዶላሩ ነው። የማይወራው ከዶላሩ በፊት የተሠራው ነው። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው የመሬቱ ተጠቃሚነት ማረጋገጫ ተሰጣቸው፤ የግጦሽና የአጨዳ ደንብ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ሽያጩ መጣ። ገበሬው በመጀመሪያ ያገኘው ጥቅምም የካርቦን ክፍያ ሳይሆን ከተከለለው መሬት ያጨደው ሣር ነበር።

የተቃራኒው ምሳሌ ከዚምባብዌ ይገኛል። የካሪባ ፕሮጀክት በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የደን ካርቦን ሽያጮች አንዱ ነበር። የተሸጠው ካርቦን ከተጠበቀው ደን በላይ ተገምቷል፣ ለነዋሪው የደረሰውም ትንሽ ነው የሚል ጥያቄ ሲበረታበት፣ ዋናው ሻጭ የስዊዘርላንዱ ሳውዝ ፖል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከውሉ ወጣ። የሄደው ኩባንያው ነው። በዚያ ደን ዳር የሚኖረው ገበሬ የሚሄድበት የለውም።

ስለ ገንዘቡ ልክም በግልጽ መነገር አለበት። በ2015 ዓ.ም ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ጋር በኦሮሚያ ደኖች ላይ የተፈራረመችው ውል 4 ሚሊዮን ቶን በ40 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ አንድ ቶን 10 ዶላር መሆኑ ነው። በዚህ ዋጋ አንድ የመንዝ ገበሬ ግማሽ ሄክታር የገብስ መሬቱን በኮምፖስትና በእርከን አሻሽሎ አፈሩ በዓመት በሄክታር 300 ኪሎ ካርቦን ቢጨምር እንበል። ይህ በደህና የተያዘ መሬት የሚደርስበት እንጂ ለማንም የማይሆን ቁጥር አይደለም። ወደ ጋዝ ሲለወጥ በሄክታር 1.1 ቶን፣ በግማሽ ሄክታር 550 ኪሎ ይሆናል። ዋጋው በዓመት 5 ዶላር ተኩል ነው። የመለኪያው፣ የመርማሪው፣ የደላላው ድርሻ ገና አልተቀነሰም። የአንድ የመንዝ በግ ዋጋ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ «ካርቦን ሸጣችሁ ትከብራላችሁ» እያሉ ገበሬውን መሰብሰብ ነውር ነው። ያውም ውሉ የአንድ ዓመት አይደለም። የሁምቦው የ30 ዓመት ነው። ዛሬ የሚፈረም የ30 ዓመት ውል የሚያበቃው በ2048 ዓ.ም ነው፤ አሁን ያለው አራሽ ባብዛኛው በዚያን ጊዜ አይኖርም። ያልተወለደ ልጅ ምን እንደሚያርስ፣ የት እንደሚያግጥ ከወዲሁ የሚወስን ወረቀት ነው። በበልግ ዝናብ የሚኖር አገር ደግሞ በልግ ሲቀር የተከለለውን ሣር ሳይከፍት የሚያልፍበት ጊዜ እንደማይኖር ሁሉም ያውቀዋል። የቄሮ ሥርዓት በችግር ጊዜ የመክፈቻ ደንብ ነበረው። የካርቦን ውል ይህ ከሌለው መፈረም የለበትም።

ታዲያ ጉዳዩ ይተው? አይተውም። የአፈሩ ካርቦን ለገበሬው ዋጋ የሚያወጣው በሌላ ገበያ ነው። ካርቦን ያለው አፈር ውኃ ይይዛል፤ በልግ ሲያንስ ቡቃያው ጥቂት ቀን ይታገሣል። ማዳበሪያ ሲሰጠውም አይታጠብበትም። እዚህ ላይ የመንዝ ትልቁ ፍሳሽ ከምድጃው ይጀምራል። ዛፍ ባጣው ደጋ ማገዶው ኩበት ነው። የደረቀ እበት ከመቶ ኪሎው ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ናይትሮጅን አለው። አንድ ኪሎ ተኩል ብለን ብናሰላ፣ አሥራ አምስት ኩንታል ኩበት ሲነድ የአንድ ከረጢት ዩሪያ ናይትሮጅን፣ 23 ኪሎ ገደማ፣ በጭስ ይሄዳል። እርግጥ እበቱ ማሳ ቢገባም ሁሉም ናይትሮጅን ለሰብሉ አይደርስም፤ ከፊሉ ይባክናል። ቢሆንም አንድ ቤት በዓመት ስንት ኩንታል ኩበት እንደሚያነድ ባለቤቲቱ ከማንም በላይ ታውቃለችና ሒሳቡን ራሷ ትሥራው። አመዱ ጓሮ ሲገባ የሚመልሰው ጥቂት ማዕድን ነው፤ ናይትሮጅኑና ካርቦኑ አይመለሱም።

በአንዳንድ ደጋ ቦታ ጓሉን ከምሮ ከኩበትና ከሣር ሥር ጋር አቃጥሎ ገብስ የመዝራት ልማድም አለ። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል። ለዓመታት የተከማቸው የአፈር ሀብት በአንድ ወቅት ስለተለቀቀ ነው። ቀጥሎ መሬቱ ለዓመታት ጦም ያድራል። ገበሬው ይህን የሚያደርገው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ማዳበሪያ ሲያጣ ነው። «አታቃጥሉ» የሚል መመሪያ ማውረድ ቀላል ነው፤ የሚነድ ሌላ ነገር ማቅረብ ግን ሥራ ይጠይቃል።

ይህ ሥራ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ነው። በጓሮና በእርከን ላይ የሚተከል ማገዶ፣ ለደጋ የሚስማማውና ለከብት መኖም የሚሆነው ትሪ ሉሰርን፣ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፤ እነዚህ አዲስ ነገሮች አይደሉም። የተተከለው በየዓመቱ ይቆጠራል፤ ስንት ቤት ከኩበት ወጣ የሚለው ግን አይቆጠርም። ባዮጋዝም ቢሆን በቆላና በወይና ደጋ የሚሠራውን ያህል በ3 ሺህ ሜትር ላይ አይሠራም፤ ጉድጓዱ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ይቀንሳል። በዕቅድ የመጣ ኮታ ለመሙላት መንዝ ላይ የሚቆፈር ባዮጋዝ በበጋ ብርድ ወቅት ባዶ ማሰሮ ይሆናል። ለየአካባቢው የሚሆነውን መለየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ባለሙያውም ይህን ሲናገር ሊሰማ ይገባዋል።

ሌላው ፍሳሽ አዲስ የሚታረስ ሣር ነው። ሣር የነበረ መሬት ሲታረስ ከያዘው የአፈር ካርቦን ከሲሶ እስከ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ፤ ተዳፋት ከሆነ አፈሩም ይከተላል። ለሥራ አጥ ወጣቶች መሬት ለመስጠት ሲባል የወል ግጦሽ መሸንሸን በጥቂት ቀበሌዎች የቀረ ፈተና አይደለም። ወጣቱ መሬት ያስፈልገዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም በሦስት ዓመት ድንጋይ የሚሆን ተዳፋት ሰጥቶ ሥራ ፈጠርኩ ማለት ወጣቱንም ግጦሹንም ማጣት ነው። በተከለለ ግጦሽ ላይ በግ ማድለብ፣ ሣር አጭዶ መሸጥ፣ የንብ ሥራ በማኅበር ቢሰጥ ወጣቱ የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋል።

የአፈር ካርቦን አይታመንም የሚሉ ተቃዋሚዎች የሚያነሱት ነጥብ ትክክል ነው። ተመልሶ ይወጣል፤ መለካቱም ውድ ነው። ከባሕር ወለል በታች እንደተቀበረው አይጸናም። ይህ ግን አፈሩን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ለመሸጥ ላለመቸኮል ምክንያት ይሆናል እንጂ። አፈሩ ቢሻሻል ገዢ ቢመጣም ባይመጣም ገብሱ የገበሬው ነው። ገዢ ቢመጣ ደግሞ ተለክቶ የቆየ፣ በደብተር የሰፈረ፣ ደንብ ያለው መሬት ይዞ መደራደር ባዶ እጅ ከመቅረብ የተሻለ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ሲዘጋጅና ሲተገበር የሚመለከተው ሕዝብ የመመከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ደንግጓል። ምክክር ማለት ተሰብሳቢ ፈርሞ አበል የሚወስድበት ግማሽ ቀን አይደለም። ውሉ በአማርኛ ተጽፎ፣ በየደብሩ ከቅዳሴ በኋላ ተነብቦ፣ ሴቶች ለብቻቸው ተጠይቀው፣ እንቢ የማለት ዕድል ኖሮ ሲያልቅ ነው።

ከአሁን እስከ አዲስ አበባው ጉባኤ ሁለት በጋዎች አሉ። የአፈር ናሙና የሚወሰደው በበጋ፣ መሬቱ ሳይታረስ ነው፤ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ፣ የአፈሩ ክብደት ተመዝኖ፣ ቦታው በመሣሪያ ተመዝግቦ። የደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልና የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ አላቸው፤ ቅርባቸውም ነው። በእያንዳንዱ ወረዳ ከተከለለ ሣር፣ ከታረሰ ተዳፋትና ኮምፖስት ከገባበት ማሳ ጥቂት ጥቂት ናሙና ቢወሰድ የቀየት ደጋ የያዘው ምን ያህል እንደሆነ በራሱ ሰዎች እጅ የተለካ ቁጥር ይኖራል። የወል መሬት ወሰን ማካለሉም በዚሁ በጋ፣ የገብስ አውድማ ካበቃ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ወሰኑን እየመሩ ሊሠራ የሚችል ነው። የዞኑ የገጠር መሬት ጽሕፈት ቤት ከየትኛው ቀበሌ እንደሚጀምር ቢያሳውቅ ሕዝቡ ችካል ይዞ ለመውጣት ዝግጁ ነው።